ጥላሁን ገሠሠ፦ ስልካችን ግማሹን ብቻ የያዘው ድምፅ

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ነበር። ያው እንደምታውቁት ባሕር ዳር ፀሐይ ልትገባ ስትል ሁሉም ወደ ሐይቁ ነው። ቡና የምታፈላው ልጅ ስልኳን ከትንሽ ስፒከር ጋር አገናኝታ ሙዚቃ ከፍታለች። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሲቀጥል የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ መጣ።

እኛ ወሬያችንን አላቋረጥንም። ከአጠገባችን በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ግን ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከውኃው ላይ አላነሱም። ሲያልቅ ሲኒያቸውን መልሰው አነሱና የቀዘቀዘውን ቡና ጠጡት።

ምን እንዳስታወሳቸው ጠየቅናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ተማሪ ሳሉ ሳንቲም አጠራቅመው ብሔራዊ ቴአትር ገብተው ጥላሁንን በዓይናቸው አይተውታል። ከዚያ ወዲህ ካሴቱን ገዝተዋል፣ ሲዲውን ገዝተዋል፤ ልጆቻቸውም ስልካቸው ላይ ጭነውላቸዋል። ያን ምሽት የሰሙትን ነገር ግን በአንዱም ውስጥ አላገኙትም። ስልኩ ውስጥ ያለው ጥላሁን ራሱ ጥላሁን ነው፣ ግን ግማሹ ነው ባይ ናቸው።

ይህች ነገር ከነከነችን። ለብዙዎቻችን ጥላሁን ማለት ዩቲዩብ ላይ ያለ ጥቁርና ነጭ ምስል፣ ቲክቶክ ላይ ተቆርጦ የሚለቀቅ ጥቂት ሰከንድ፣ ሠርግ ላይ የሚከፈት ዘፈን ነው። እሱ ሲያርፍ አንዳንዶቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ፊደል እየቆጠርን ነበር። ስለዚህ ዛሬ የጥላሁንን ሕይወት እናውጋችሁ፤ በተለይ ደግሞ ያንን እኛ ያላየነውን መድረኩን።

በመስቀል ቀን የተወለደው ልጅ

ጥላሁን የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አዎ፣ በመስቀል ዕለት። ዘመኑ ግን የደስታ ዘመን አልነበረም። አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች፤ ወራሪው ከአዲስ አበባ የወጣው ጥላሁን ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው። አባቱ አቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳን፣ እናቱ ወይዘሮ ጌጤነሽ ጉርሙ ይባላሉ።

በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወሰዱት። ወሊሶ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ነች። እዚያ ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። በኦሮምኛም በአማርኛም አፉን የፈታ ልጅ ነበርና ኋላ በሁለቱም ቋንቋ ሲዘፍን ቃሉ ከሆዱ የሚወጣው ለዚህ ነው። አካም ነጉማ የተባለውን የኦሮምኛ ዘፈኑን ቋንቋውን የማይሰማ ሰው እንኳ አብሮ ሲያንጎራጉረው ሰምታችሁ ይሆናል።

ትምህርት ቤት ውስጥ ልጁ ከደብተሩ ይልቅ ዘፈን እንደሚቀናው ታወቀ። በዚያ ዘመን ልጅ ዘፋኝ ልሁን ሲል ቤተሰብ ደስ አይለውም። ዘፈን እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ የሚወረወርበት ጊዜ ነበር። እዚህ እኛ አካባቢ፣ ጎጃምና ጎንደር፣ አዝማሪ የሌለበት ድግስ ድግስ አይባልም፤ ልጁ አዝማሪ እንዲሆንበት የሚፈልግ አባት ግን ፈልጉ ብትባሉ አታገኙም። የጥላሁን ዕድል ታዲያ ምን መሰላችሁ? የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ሱዳናዊ መምህር ይህን ዝንባሌውን አልገፉትም፤ እንዲያውም አበረታቱት።

ከወሊሶ የጠፋው ልጅ

ነገሩ የለየለት የአገር ፍቅር ማኅበር አርቲስቶች ወሊሶ መጥተው ዝግጅት ሲያቀርቡ ነው። አገር ፍቅር የዛሬው አገር ፍቅር ቴአትር ነው፤ በ1927 ዓ.ም ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ሕዝቡን ለማንቃት የተመሠረተ፣ በአገራችን አንጋፋ የሆነ የመድረክ ቤት። ከመጡት መካከል ኢዩኤል ዮሐንስን የመሰሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩበት። ልጁ ጥላሁን እነሱን ቀርቦ ፍላጎቱን ነገራቸው። መንገዱ አዲስ አበባ እንደሆነም ተረዳ።

ከዚያ በኋላ ወሊሶ አልበቃችውም። አንድ ቀን ለማንም ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። ዕድሜው በአሥራዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። ቱሉ ቦሎ ሲደርስ መሸበትና ዘመዱ ቤት አደረ። ዘመድ ደግሞ ዘመድ ነው፤ ልጁ ከቤት ጠፍቶ እንደመጣ ሲታወቅ ወደ ወሊሶ ተመለሰ።

እኛ ብንሆን እዚያ ላይ እናቆም ነበር። እሱ አላቆመም። ለሁለተኛ ጊዜ ጭነት በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ አንድ ልጅ ዘፈኑን ክፍሉ ውስጥ ቀርጾ በአንድ ቀን ሚሊዮን ሰው ጋር ሊያደርሰው ይችላል። ያኔ ግን ድምፅህን ለማሰማት ራስህ መድረስ ነበረብህ። በእግርም ይሁን በጭነት መኪና፣ መድረኩ ያለበት ቦታ መሄድ የግድ ነው።

አዲስ አበባ ሲደርስ አገር ፍቅር ተቀጠረ። ሥራውን የጀመረው እንደ ኮከብ አይደለም፤ እንደ ልጅ ነው። ትልልቆቹ ሲዘፍኑ ያያል፣ ይሰማል፣ ያጠናል። የመድረክ ሥነ ሥርዓትን፣ ሕዝብ ፊት አለመርበትበትን፣ ከሙዚቃ ጋር እኩል መነሣትና እኩል መጨረስን የተማረው እዚያ ነው።

ክብር ዘበኛ፦ ድምፁ ቤቱን ያገኘበት

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። ክብር ዘበኛ የንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው። ጦር ውስጥ ሙዚቃ ምን ያደርጋል እንዳትሉ። በዚያ ዘመን በአገሪቱ ያሉት ትልልቅ ኦርኬስትራዎች የጦርና የፖሊስ ነበሩ።

የዚህ ታሪክ ሥር ረጅም ነው። በ1910ዎቹ መጨረሻ ገደማ ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አምጥተው የነሐስ መሣሪያ ባንድ አቋቁመው ነበር። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን የአገራችን ሙዚቃ አካል ሆኑ። የጥላሁን ትውልድ የሠራው ትልቅ ነገር እነዚህን የፈረንጅ መሣሪያዎች ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እንዲናገሩ ማድረግ ነው።

ክብር ዘበኛ ውስጥ እነ ሣህሌ ደጋጎን የመሰሉ የዜማና የቅንብር ሰዎች ነበሩ። እነ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ሙዚቀኛው እንደ ወታደር ይኖራል፤ ሰዓት ይከበራል፣ ልምምድ አይቀርም። ጥላሁን በዚህ ቤት ውስጥ ዋናው ድምፃዊ ሆኖ ወጣ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው አዲስ አበባ ስሙን ታውቀው ነበር።

ድምፁ ምን ነበረው? ከፍ ይላል፣ ግን አይጮህም። እላይ ሲደርስ አይሳሳም፤ እንዲያውም እዚያ ላይ ይወፍራል። እርግብግቢቱ ደግሞ ከቁጥጥሩ አይወጣም። ሌላው ቃሉ ነው። ጥላሁን ሲዘፍን የሚዋጥ ፊደል የለም፤ እያንዳንዱ ቃል ጠርቶ ይወጣል። ለዚህ ነው አያቶቻችን ዘፈኖቹን በግጥማቸው በቃላቸው የያዟቸው። አብዛኛውን ግጥምና ዜማ የጻፉት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ሆኖም እሱ ከዘፈነው በኋላ ዘፈኑን ከእሱ ነጥሎ ማሰብ ይከብዳል።

ከመድረክ ወደ እስር ቤት

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም ደረሰ። ንጉሡ ብራዚልን እየጎበኙ ሳለ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙከራው ከሸፈ። አዲስ አበባ ላይ ደም ፈሰሰ።

ሙከራውን ያደረገው ክብር ዘበኛ ስለሆነ፣ የክብር ዘበኛ የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆነ። ሙዚቀኛውም ጭምር። ጥላሁን ታሰረ። እስቲ አስቡት፤ የሃያ ዓመት ወጣት፣ በአገሪቱ ታዋቂ የሆነ ድምፃዊ፣ ትናንት ቤተ መንግሥት ድግስ ላይ የሚዘፍን ኦርኬስትራ አባል፣ ዛሬ እስረኛ።

ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ተፈትቶ ወደ ሙዚቃው ተመለሰ። ሰዎች ለእሱ የነበራቸው ፍቅር ግን ከዚያ በኋላ ሌላ መልክ ያዘ። ድምፁ ሊጠፋ እንደሚችል አንዴ አይተዋላ። የምትወዱት ነገር ሊወሰድባችሁ እንደሚችል ስታውቁ አሰማማችሁ ይቀየራል። ጥላሁንን ይዞት የሄደው ይህ ፍርሃት እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም፤ ኋላ እንደምታዩት ድምፁ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊጠፋ ነበር።

መድረኩ ላይ ምን ነበር?

ኋላ ላይ ጥላሁን በብሔራዊ ቴአትር ሠርቷል። በ1948 ዓ.ም የንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ ሲከበር የተከፈተው ይህ ትልቅ አዳራሽ ያኔ በንጉሡ ስም ይጠራ ነበር። ጣና ዳር ያገኘናቸው አባት የሚያስታውሱት አዳራሽ ይኸው ነው።

አሁን ዓይናችሁን ጨፍኑና ሳሉት። መጋረጃው ይከፈታል። ከኋላ ሙሉ ኦርኬስትራ፣ ሁሉም ሱፍ ለብሶ፣ ነሐሱ በመብራቱ ያብለጨልጫል። ፊት ለፊት አንድ ማይክሮፎን ቆሟል። ድምፅ የሚያስተካክል ሶፍትዌር የለም። ከኋላ የተቀዳ ሙዚቃ የለም። የሳተ ድምፅ ከወጣ ሁሉም ይሰማዋል፤ መመለሻም የለውም።

እና ደግሞ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ያን ጊዜ ሙዚቃ የሚወጣበት ሸክላ ትንሿ ስትሆን በአንድ ገጿ የምትይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ዘፈኑ ስለዚህ ተቆርጦ ተሰፍቶ ይገባል። መድረክ ላይ ግን የሚቆጣጠር ሸክላ የለም። ሕዝቡ ከወደደው ይቀጥላል። ጭብጨባው ከበረታ ኦርኬስትራው ዙሩን ይመልሰዋል፣ ድምፃዊው ያችኑ ስንኝ በሌላ አካሄድ ያመጣታል። እኚያ አባት ስልኩ ግማሹን ነው የያዘው የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የተቀረጸው የዘፈኑ አጭሩ መልክ ነው፤ ረጅሙ ከአዳራሹ አልወጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕዝቡ ራሱ ነው። ያኔ አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ይደገም ብሎ ይጮኻል። ጨርሶ ያልቻለው መድረክ ላይ ወጥቶ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፋል። ትዝታ ሲመጣ ደግሞ አዳራሹ ጸጥ ይላል። በረሃብ ላለቁ ወገኖች ያዘነበትን ዋይ ዋይ ሲሉን ብዙ ሰው ያለ እንባ መስማት አልቻለም። ስልካችሁ ላይ ስትሰሙት ታዝናላችሁ። አጠገባችሁ የማታውቁት ሰው ሲያለቅስ እየሰማችሁ መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። የጣሊያኑን ኦፔራ ዘፋኝ ሉቺያኖ ፓቫሮቲን ስሙን ሳትሰሙ አትቀሩም። ቴነር የሚባለው ከፍተኛው የወንድ ድምፅ ባለቤት ነበር። ኦፔራ ውስጥ ዘፋኙ ያለ ማይክሮፎን፣ በሙሉ ኦርኬስትራ ላይ ድምፁን አሻግሮ አዳራሹ ጥግ ድረስ ማሰማት አለበት። ፓቫሮቲ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ በሚገኘው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ በአንድ ዘፈን ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ እጅግ ከፍተኛውን ኖታ ያለ ችግር ሲመታ፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ደጋግሞ ወደ መድረክ እያስወጣው አላስገባ አለው። ያን ምሽት እዚያ የነበሩ ሰዎች ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካቸውን አውርተውታል። ሲዲው በየሱቁ ሞልቶ ሳለ የሚያወሩት ግን ስለዚያ ምሽት ነው።

የጥላሁን አድናቂዎችም እንደዚሁ ናቸው። ሁለት አብረው ከተቀመጡ የትኛው ዓመት፣ የትኛው አዳራሽ፣ የትኛው ኦርኬስትራ ብለው ይከራከራሉ። አንዱ የክብር ዘበኛውን ጥላሁን ያስበልጣል፤ ሌላው የኋለኛውን፣ ድምፁ በዕድሜ የበሰለውን። ክርክሩ አያልቅም፤ እንዲያልቅ የሚፈልግም የለም።

ባሕር ዳር እንዴት ሰማችው?

ያኔ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ያውም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ። ከተማችን ራሷ ገና ልጅ ነበረች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ የተከፈቱት በ1950ዎቹ ነው። ሠራተኛውና ተማሪው ከየአገሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው አዲስ አበባ ሄዶ ብሔራዊ ቴአትር ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ጥላሁን ወደ እዚህ የመጣው በሬዲዮ ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት የጎረቤቱ ሁሉ ቤት ነበር። ዘፈን ሲመጣ ድምፁ ከፍ ይደረጋል፣ ሰው በር ላይ ይቆማል። ሬዲዮው ራሱ የሚያሰማው ብዙ ጊዜ ሙሉ ኦርኬስትራው በአንድ ላይ ሲጫወት በሪል የተቀዳውን ነው። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ የእነዚያ ዘመን ቅጂዎች ውስጥ ገና የመድረክ ትንፋሽ አለ። በጆሮ ማዳመጫ ረጋ ብላችሁ ስሙት፤ ሙዚቀኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ መሆናቸው ይታወቃችኋል።

ከዚያ ሸክላ መጣ፣ ከሸክላ በኋላ ካሴት። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ለዓመታት ሰዓት እላፊ ስለነበር የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ ቤቶች ተዳከሙ። ሰው ማታ ውጭ መቆየት አይችልማ። ሙዚቃው ወደ ቤት ገባ፣ ካሴትም የዚያ ዘመን መድረክ ሆነ። አውቶቡስ ሹፌሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤቱ፣ ሁሉም ካሴት ነበረው። ካሴቱ ሲጠመጠም በእስክሪብቶ እያሽከረከሩ የሚያስተካክሉት ወላጆቻችን ናቸው።

እስከ ዛሬም አልወጣም። ጥር ሲገባ ባሕር ዳር ላይ በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል። ሙሽሪት ስትወጣ ኩሉን ማን ኳለሽ ይከፈታል። ዘፈኑ ከጥላሁን በፊት የነበረ የሠርግ ዜማ ነው፤ ብዙ ሰው በጆሮው የያዘው ግን የእሱን ነው። የዘፈነው ማን እንደሆነ የማያውቁ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጨፍሩበታል።

ዓለምም ዘግይቶ ደርሶበታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን የድሮ ሙዚቃ እየሰበሰበ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ አልበም ሲያወጣ፣ 17ኛውን ሙሉ በሙሉ ለጥላሁን ሰጥቶታል።

አንገቱ

አሁን ደግሞ ለመጻፍ የሚከብደን ቦታ ላይ ደረስን።

በ1985 ዓ.ም ጥላሁን አንገቱ ላይ በስለት ከባድ ጉዳት ደረሰበት። አንገቱ ላይ! የአገር ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ። ወሬው አገሩን አዳረሰው። ሞቷል ያለ ነበር፤ ቢተርፍም ከእንግዲህ አይዘፍንም ያለ ደግሞ ብዙ ነበር። ስለ ነገሩ ብዙ ተባለ፣ ብዙ ተገመተ። እኛ ግምቱን አንደግመውም። እሱ ራሱ ይህን ነገር ማውራት የሚወድ ሰው አልነበረም።

የሚያስደንቀው የቀጠለው ነው። ታክሞ ዳነ። ዳነ ብቻም አይደለም፣ እንደገና ዘፈነ። ድምፁ ተመለሰ። የድሮዎቹ አድናቂዎቹ ያን ጊዜ ሲያስታውሱ የሚያነሡት ቁስሉን ሳይሆን እንደገና የሰሙበትን ቀን ነው። በ1953 አንዴ ተወስዶባቸው የተመለሰላቸው ድምፅ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ተመለሰላቸው።

ሦስተኛው ፈተና በሽታ ነው። የስኳር ሕመም ለዓመታት አሠቃየው፤ በመጨረሻም አንድ እግሩን አጣ። በመድረክ ላይ ቆሞ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ልጅ ሳለ ከወሊሶ ተነሥቶ የሄደባት እግር ነች እንግዲህ።

በእነዚህ ዓመታት ክብርም አልቀረበትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የኢትዮጵያ የሥነ ጥበባትና የመገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅትም ለዕድሜ ልክ አስተዋጽኦው ሸልሞታል። ዘፋኝ መሆን ነውር በነበረበት ዘመን ከቤት የጠፋ ልጅ ዶክተር ተብሎ ተጠራ። ይህ ለእሱ ብቻ የተሰጠ አይመስለንም፤ ከእሱ በኋላ ማይክ ለያዘ ሁሉ መንገድ የጠረገ ነው።

በፋሲካ ቀን

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም ፋሲካ ነበር። ሰው ጾም ፈትቶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ በሚውልበት ቀን ጥላሁን ገሠሠ አዲስ አበባ ላይ አረፈ። ከአሜሪካ ወደ አገሩ ከተመለሰ ብዙም አልቆየም ነበር። ዕድሜው 68 ነበር።

በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ሄደ። ሰው ሲፈጠር ቀኑን አይመርጥም፣ ሲሞትም አይመርጥም። ቢሆንም ይህን የሰማ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል።

ሚያዝያ 15 ቀን ሽኝቱ ተደረገ። መስቀል አደባባይ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። ሥርዓቱ በመንግሥት ደረጃ የተካሄደ ነበር። ከዚያም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ነገሥታትና ሚኒስትሮች፣ አርበኞችና ደራስያን ባረፉበት ግቢ የወሊሶው ልጅ ቦታ አገኘ።

እዚህ ባሕር ዳር ደግሞ ሰው የነበረበት ሆኖ አዘነ። ሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ዘፈኖቹን ሲያሰሙ ዋሉ። ዕድሜያችን ለዚያ የደረሰ የቤታችን ትልልቅ ሰዎች በበዓል ቀን ድንገት ዝም ያሉበትን ምክንያት ያኔ አልገባንም ነበር። አሁን ገብቶናል።

እና እኛስ?

ወደ ጣና ዳሩ ቡና እንመለስ።

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ታያላችሁ። ታንኳው ሲሠራ ቀላል ነው፣ ውኃው ላይ እንደ ላባ ይንሳፈፋል። ግን ደንገሉ ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል። ይከብዳል። ባለቤቱ በየጊዜው በአዲስ ደንገል ካልሠራው አንድ ቀን አይንሳፈፍም። ጣና ላይ እስከ ዛሬ ታንኳ ያለው አንዱ ታንኳ ለዘላለም ስለቆየ አይደለም፤ አባት ለልጁ አሠራሩን ስላሳየ ነው።

ስለ ጥላሁን መድረክ ያለው ትዝታም እንደዚያ ነው። ዘፈኖቹ አሉ፤ ማንም አይወስድብንም፤ ስልካችን ውስጥ ናቸው። ሌላኛው ግማሽ ግን ያለው በሰው ውስጥ ነው። አዳራሹ እንዴት እንደነበር፣ ሕዝቡ የት ላይ እንደጮኸ፣ ዘፈኑ የት ላይ እንደረዘመ፣ የት ላይ ፀጥ እንዳለ የሚያውቁት እዚያ የነበሩት ናቸው። በክብር ዘበኛ ዘመን ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። አንድ ሰው በሄደ ቁጥር የማይደገም አንድ ምሽት ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ፣ ወይም አገር ቤት ስትደውሉ፣ አባባን፣ እማማን፣ ጋሼን፣ እትዬን ጠይቁልን። ጥላሁንን በመድረክ አይተውት ያውቃሉ? የት ነበር? ከማን ጋር ሄዱ? የትኛው ዘፈን ላይ ነው ሰው የተነሣው? ስልካችሁ ላይ ያለውን መቅጃ ክፈቱና ፊት ለፊታቸው አስቀምጡት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ፈቃዳቸው ከሆነ ለእኛም ላኩልን፤ ሰብስበን እናቀርበዋለን።

እኚያን አባት እኛ ራሳችን ያን ቀን አልቀዳናቸውም። ስልካችን እጃችን ላይ ነበር፣ ቻርጅ ነበረው፣ ቦታም ነበረው። አላሰብነውም። ቡናቸውን ጨርሰው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ በሐይቁ ዳር መንገድ ቀስ እያሉ ሄዱ። በማግስቱም በሳምንቱም እዚያው ቦታ ሄደን ነበር። እስካሁን አላገኘናቸውም።

ስሙ እኮ ጥላ ሁን ማለት ነው። ሆኗልም። በጠራራው ዘመን ሁሉ ሰው ከሥሩ ያረፈበት ድምፅ ነበር። እናንተ ቤት ያለው ከዚያ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ማን ነው? ዛሬ ማታ ጠይቁትና አስተያየት ላይ ጻፉልን።